በቀኝ ጆሮዬ ቆሎ ይቆረጥሙ የነበሩት ሲስተር

ሲስተር አበራሽ ማረፋቸውን የሰማሁት በቀኝ ጆሮዬ ነው። ስልክ ሁልጊዜ በግራ ጆሮዬ ነበር የማነጋግረው፤ የዚያን ዕለት ግን ግራ እጄ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ስለነበር ወደ ቀኝ አዞርኩት። የደወለችው ሚስቴ ሰብለ ናት። «ሲስተር አረፉ» አለችኝ። ሌላም ብዙ ነገር ተናግራለች፤ ቀብሩ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንደሆነ፣ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ይዤው እንድመጣ፣ ጃኬት እንዳልረሳ። እኔ ግን ከሁለቱ ቃላት ወዲያ የሰማሁት ነገር የለም። ያ ጆሮ ለወራት የሲስተር መኖሪያ ነበር። አሁን ዕቃው እንደወጣበት ቤት አስተጋባብኝ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ስቀመጥ ሰብለ ከኋላዬ መጥታ «እባክህ አታጋንን» አለችኝ። ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዳንዱ ነገር ትንሽ ከፍ ያለ ከመሰላችሁ መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስለምጽፈው ነው።

መጀመሪያ ልጄን ላስተዋውቃችሁ። ኢዮስያስ ይባላል፤ እኛ ኢዮሲ እንለዋለን። ዛሬ አምስተኛ ክፍል የደረሰ፣ ጫማውን ራሱ የሚጠርግ፣ ለታላቅ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው። ያኔ ግን አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መቅሠፍት ነበር። የእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። እሳት እንሸፍናለን፣ ጎርፍ እንሸፍናለን፣ የመኪና ግጭት እንሸፍናለን፤ ኢዮሲን የሚሸፍን ድርጅት ግን በመላው አፍሪካ አልነበረም። ከበረንዳችን ያልወረወረው ዕቃ ቢኖር ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱንም ገፍቶ ሞክሮታል። ጫማ፣ ማንኪያ፣ የሰብለን ሽቶ፣ አንድ እሑድ ደግሞ ሽሮውን ከነድስቱ። ከታች የሚኖሩት ጎረቤቶች ልብስ ከማስጣታቸው በፊት ቀና ብለው የሚያዩት ደመናውን ሳይሆን የእኛን በረንዳ ነበር።

ኬጂ ሲሄድ ደግሞ ይነክሳል። በብሎካችን ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብን፤ አንዷ ጠበል አዘዘች፣ አንዱ ኩርኩም፣ ሌላዋ ስኳር ከቤት ይጥፋ አለች። ስኳሩን አጠፋን፤ የጠፋው የእኔ የሻይ ጣዕም ብቻ ነው።

ሁለት ኬጂዎች አሰናብተውታል። የሦስተኛው ዳይሬክተር ጠርታን፣ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንታገሣለን፤ ካልተለወጠ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የለንም» አለችን፤ ስትናገር ክንዷን በሌላኛው እጇ ሸፍና ነበር። በዚያው ሰሞን የሰብለ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታምራት ከደብረ ብርሃን ደወለ።

«ሰኔ ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። «እዚህ ይማራል። ለጥቂት ዓመት ተዉልኝ፤ ሰው አድርጌ እመልስላችኋለሁ።»

ጋሽ ታምራት ክፉ ሰው አይደለም። እህቱን ከአባቷ በላይ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሲጨንቃት ቀድሞ የሚደርስላትም እሱ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆችም አሳድጓል፤ ሦስቱም ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ብቻ ቀበቶ የሚታጠቀው ሱሪው እንዳይወልቅበት ብቻ አይደለም።

ሰብለ ስልኩን ዘግታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስከተላት የኢዮሲን ሹራቦች ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አልጋው ላይ ታጥፋለች። ገና ጥር ነው። «ፍሪጁም አብሮት ይሂድ፤ ለእሱም ሹራብ እጠፊለት» አልኳት። አልሳቀችም። አንዲቱን ቢጫ ሹራብ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጠፈቻት።

የልጆች ሐኪሙ ወደ ሲስተር አበራሽ የላከን በዚያ ሳምንት ነው። «ልጁን የሚያክሙ ሳይሆን እናንተን የሚያሠለጥኑ ናቸው» አለን። እኔ ሥልጠና ሲባል አበልና የምሳ ግብዣ ነው የሚታየኝ፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ቦታው ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሲስተር አጭር፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴት ነበሩ። ብዙ ዘመን በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ስለነበር ግራጫ ሹራባቸው ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር፤ ገና ደረጃውን ሲወጡ ጉንፋን ይለቃል።

«ሲስተር፣ ልጁን ትተንልዎት ስንት ሰዓት እንመለስ?» አልኳቸው።

«የምትገባው አንተ ነህ» አሉኝ። «ልጁማ መጫወት ያውቅበታል።»

ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ሰኩልኝ። «ሥራህ ቀላል ነው። ከልጅህ ጋር ትጫወታለህ። አትጠይቀውም፣ አታዘውም፣ አትነቅፈውም። የሚሠራውን ታያለህ፤ ያየኸውን ትናገራለህ። መልካም ነገር ሲሠራ፣ ምን እንደሠራ ለይተህ ታመሰግነዋለህ። በቃ።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ? አባትነት እኮ መጠየቅ፣ ማዘዝና መንቀፍ ነው።»

«እሱን ለጊዜው ዕረፍት ስጠው» አሉና ወደ ሌላኛው ክፍል ገብተው ዘጉ።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ትልቅ መስተዋት አለ። በእኛ በኩል መስተዋት ነው፤ በእሳቸው በኩል ግን መስኮት ነው። እኔ ራሴን አያለሁ፤ እሳቸው እኔን ያያሉ። ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ መሰለኝ። ኢዮሲ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ ኩቦች መገጣጠም ጀመረ፤ እኔም አባትነቴን ጀመርኩ።

«ይሄ ምንድነው? ቤት ነው? ቤት ከሆነ በሩ የታለ? እንደሱ አይደለም፣ ገልብጠው! ኧረ አንተ ልጅ ማንን መስለህ ነው?»

በጆሮዬ ውስጥ የቀጠነ ድምፅ መጣ። «ጥያቄ» አለ። «ጥያቄ። ጥያቄ። ትእዛዝ። ነቀፋ።»

«አቤት ሲስተር!» ብዬ ከምንጣፉ ተነሣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የአሳዳጊዎቼ ነው። ታላቅ ሰው ሲናገረኝ ዝም ማለት አልችልም፤ እንኳን በቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ይቅርና በጎረቤት ግድግዳም ቢናገር እመልሳለሁ። «እሺ ሲስተር»፣ «ይቅርታ ሲስተር»፣ «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» እያልኩ ለባዶ ክፍል እጅ መንሣት ጀመርኩ። ኢዮሲ ኩቡን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ አየኝ። ቀጥሎ ጣራውን አየ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተና ውጪ ለተቀመጠችው እናቱ ጮኸላት።

«እማዬ! አባዬን መልአክ እየተቆጣው ነው!»

ጆሮዬ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሳል። ሳሉ ጋብ ሲል ሲስተር፣ «የኢዮሲ አባት፣ ለእኔ አትመልስ» አሉ። «መልሱን ለልጁ ስጠው። እኔ እዚህ የለሁም።»

«እሺ ሲስተር!» አልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ዘዴ አመጡልኝ። «ኳስ በሬዲዮ ትሰማለህ አይደል? አስተላላፊው ተጫዋቹን ያዘዋል?»

«አያዝም።»

«አንተም እንደሱ አስተላልፍ።»

ይሄን ለእኔ መናገር ስህተት ነበር። እኔ በዘመድ ሠርግ ሁሉ ማይክ ከእጄ የማይወጣ ሰው ነኝ። «ኢዮስያስ ቀዩን ኩብ ይዞ ገሰገሰ! አንዱን አለፈ፣ ሁለቱን አለፈ፣ ሰማያዊው ላይ አስቀመጠው፤ ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ጮህኩ። ታች ዳቦ የሚገዙት ሰዎች ውጤት ሳይጠይቁ አልቀሩም።

«ቀስ በል» አለኝ ጆሮዬ። «ገና ጎል አልገባም።»

ቀስ አልኩ። «ኢዮሲ ቀዩን ሰማያዊው ላይ አስቀመጠ» አልኩ፤ እንደ ሰው። ኢዮሲ ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ቀይ አነሣ። «ሌላ ቀይ አነሣ» አልኩ። አሁንም አየኝ፤ ከዚያ ዳሌውን እየሳበ ወደ እኔ ተጠጋ፤ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካው። ልጄ ሳይመታኝና ሳይነክሰኝ የነካኝ መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው ያንን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ማዳመጫው የተበላሸ መስሎኝ ሲያልቅ ነገርኳቸው።

«ቆሎ ነው» አሉኝ ያለ ምንም ሐፍረት፤ የሹራባቸውን ኪስ ገልጠው አሳዩኝ። «አፌ ሥራ ካልያዘ ያንተን ሥራ ይቀማል። እኔ ባወራሁ ቁጥር አንተ አባትነትህን ለእኔ ትተዋለህ። ስለዚህ እቆረጥማለሁ።»

ከዚያ በኋላ በቆሎው ብቻ እንግባባ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ሲቆረጥሙ ጥሩ ሄጃለሁ ማለት ነው። ቀስ ሲሉ ልሳሳት ነው። ጭራሽ ሲያቆሙ ተሳስቻለሁ። እኚያን ሴት ስብሰባ የሚመራበት ቦታ ቢያስቀምጧቸው ኖሮ አገሩ በአንድ ኪስ ቆሎ ይተዳደር ነበር።

በጣም ያስቸገርኳቸው በምስጋና ላይ ነው። እኔ ሰው ማመስገን አያቅተኝም፤ የማይሆንልኝ አመስግኖ ዝም ማለት ነው። «ኩቦቹን ስለሰበሰብክ ጎበዝ! ምናለ ሁሌም እንዲህ ብትሆን?» እላለሁ።

«ጭራ አለው፤ ቁረጠው» ይላሉ ሲስተር።

«ኩቦቹን ስለሰበሰብክ ጎበዝ። ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ጭራ።»

«ኩቦቹን ስለሰበሰብክ ጎበዝ። እናትህ ብታይ አታምንም።»

«ጭራ! የኢዮሲ አባት፣ ልጁ የሚሰማው እኮ ጭራውን ነው። ፊቱን እየው።»

አየሁት። እውነትም «ጎበዝ» ስል የበራው ፊት ጭራው ሲደርስ እንደ መብራት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ጭራ ስንት ዓመት ስቀጥል እንደኖርኩ እንጃ፤ ቢሰፋ ከመሪ እስከ መገናኛ ይደርሳል።

ሰብለ ደግሞ በተራዋ ገብታ ልጇን ባመሰገነችው ቁጥር ዓይን እንዳይበላው «እትፍ፣ እትፍ» ትላለች። ሲስተር ይከለክሏታል ብዬ ስጠብቅ «እትፍ ማለቱ ችግር የለውም፤ ብቻ አቅጣጫውን አስተካክይ» አሏት።

ቅድስት ነበሩ እያልኳችሁ አይደለም። አንድ ጠዋት ከፈረንሳይ ሰፈር በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አገኘኋቸው። ከኋላቸው መሆኔን አላወቁም። እኛን በሹክሹክታ የሚያሠለጥኑት ሴትዮ ረዳቱ ላይ ሲጮኹ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትርፍ ሰው ሊጭን ነበርና። ከፈረንሳይ እስከ መገናኛ ያለ ረዳት ሁሉ በስም የሚያውቃቸው ይመስለኛል፤ አንዳንዱ በሕልሙም ሳያያቸው አይቀርም። «እንግዲህ እማማ፣ ካልተመችዎት ራይድ ይጥሩ!» አለ ረዳቱ። ሲስተር ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት፤ ከኪሳቸው ቆሎ ቃሙ። ጥቂት ቆረጠሙና በለሰለሰ ድምፅ፣ «በሩን በደንብ ስለዘጋህልን አመሰግናለሁ» አሉት። ረዳቱ በሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ ሊጭነው የነበረውን ሰው ሳይጭን «ሳበው!» አለ።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ አብረን ቆመን፣ በጡረታ ዘመናቸው ይሄን ሥራ ለምን እንደጀመሩ ጠየቅኳቸው። 

«የአእምሮ ሕሙማን ዋርድ ስሠራ የሚመጡልኝ ጎልማሶች ነበሩ» አሉ። «ሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁሉ መጥቶ ያወራኛል። ስለ ሚስቱ አይደለም፣ ስለ ሥራው አይደለም። ስለ አባቱ። ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ‹አባቴ አንድ ቀን እንኳ› ብሎ ይጀምርና አይጨርሰውም። ምናለ ቀደም ብዬ በደረስኩ እል ነበር።» ዝናቡን አዩ። «አሁን ቀደም ብዬ ደረስኩ። በል፣ አባራ መሰለኝ።»

አላባራም ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ የሥልጠናው ሁለተኛ ክፍል መጣ፤ ይሄኛው የወንበሩ ነው። አሁን ማዘዝ ተፈቀደልኝ፤ ግን አንድ ትእዛዝ፣ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ። ልጁ እምቢ ካለ ግድግዳውን ወደሚያይ ወንበር ይሄዳል። እዚያ ሳለ አይገሠጽም፣ አይለመንም፣ አይቀለድበትም። አባትየው አጠገቡ ቆሞ ዝም ይላል። ዝም! እኔ!

የመጀመሪያ ቀን ኢዮሲ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጮኸው ጩኸት እንጦጦ ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ልጅ ሲያለቅስ ሳልቀልድ ማለፍ አልችልም። ቀልዱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ትእዛዝ ጠበቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ጥለውኝ ሄዱ እንዴ?» አልኩ በልቤ፤ ወደ መስተዋቱ ዞሬ የራሴን የፈራ ፊት አየሁ። ያኔ፣ በጣም በዝግታ፣ ቀጭ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ። ቀጭ።

አሉ። የሚሉኝ ነገር የላቸውም፤ ግን እዚያው አሉ። ኢዮሲም እያደር ጩኸቱን ቀነሰ፤ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ወደ ኩቦቹ መለስኩት፤ የታዘዘውንም ሠራ።

ሰኔ ሲገባ ንክሻው ቆሞ ነበር፤ ውርወራው ግን አንዳንዴ ያገረሽበታል። ዳይሬክተሯ «እስቲ እናያለን» ከማለት አላለፈችም። ጋሽ ታምራት ደግሞ ፒካፑን አስነሥቶ ሊመጣ ነው። ሰብለ «ይምጣና ይየው፤ ያኔ እንወስናለን» ብላዋለች፤ የተጣጠፉት ሹራቦች ግን ሻንጣ ውስጥ ገብተዋል። ሲስተርን ስነግራቸው ምክር አልሰጡኝም። ከሹራባቸው ኪስ ቆሎ ዘግነው በጃኬቴ ኪስ ጨመሩልኝ። «ልትቀልድ ስትል ቆርጥም» አሉኝ።

ጋሽ ታምራት ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ገባ። «ኧረ አታውልቅ!» ብንለው አሻፈረኝ ብሎ በደንብ የተወለወለ አዲስ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ኢዮሲ በጥሩ ሁኔታ ሰላም አለው፤ በላን፣ ጠጣን፣ ተጫወትን። እንግዳ ቤት ሲገባ እኔ መድረክ የወጣሁ ነው የሚመስለኝ። የሽሮውን ድስት ታሪክ ጀመርኩ። ጋሽ ታምራት በሳቅ ፈረሰ። የሽቶውን ቀጠልኩ። የዳይሬክተሯን ክንድ ጨመርኩበት፤ በትረካዬ ሐኪም ስምንት ቦታ ሰፍቶላታል። ሰብለ ሁለት ጊዜ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ኢዮሲ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚወራውን ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። በር ላይ ሄዶ አንዱን ጫማ አነሣ፤ በመካከላችን አልፎ በረንዳ ወጣ። ጫማው በረረ።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ታምራት በካልሲው ተነሣ። እጁ ቀበቶው ላይ ነው። «ይሄን ለእኔ ተዉት» አለ፤ በቁጣ አይደለም፣ ሸክም ሊያግዘን እንደተነሣ ሰው ነው። ሰብለ እኔን አየችኝ። ሻንጣውን አየች።

ስልኬን አውጥቼ ሲስተር ጋ ደወልኩ። አነሡ፤ ከጀርባቸው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ልጁ የት ነው?» አሉ።

«በረንዳ ላይ።»

«አንተስ?»

«ሳሎን።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» ብለው ዘጉብኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አልኩና በረንዳ ወጣሁ። ኢዮሲ ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ስቦ ዱላ ይጠብቃል። ተንበረከክኩ። «ኢዮሲ፣ ከእኔ ጋር ወርደህ የጋሼን ጫማ አምጣ» አልኩት፤ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ።

«እምቢ!»

«ካልመጣህ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ።»

«እምቢ አልኩ እኮ!»

ሰማያዊዋን የፕላስቲክ ወንበር ወደ ግድግዳው አዞርኩና ወስጄ አስቀመጥኩት። ጮኸ። ግድግዳውን በእግሩ ደበደበ። «ጋሽ ታምራት ይውሰደኝ! አንተ ሁሌ ትስቅብኛለህ!» አለ። የብሎኩ መስኮቶች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ይሰማኛል።

«ቅጣቱ ይሄ ነው?» አለ ጋሽ ታምራት። «ወንበር?»

ከልጄ ጀርባ ቆምኩ። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ መንሰቅሰቅ ወረደ። ከዚያ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ በጣም በቀጠነች ድምፅ፣

«አባዬ... ሄድክ?»

መናገር አይፈቀድም። ቀልድ አይፈቀድም። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጄ ብቻውን የቀረ ሊመስለው ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቆሎው አለ። አንዲት ፍሬ አፌ ውስጥ ጣልኩ።

ቀጭ።

የኢዮሲ ትከሻ ከጆሮው ወረደ። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀጭ አልኩ እንደገና። ከኋላዬ ጋሽ ታምራት እጁን ከቀበቶው አንሥቶ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት መሰለኝ፣ «እስቲ እኔም» ብሎ መዳፉን ዘረጋልኝ። ቆጥሬ ሳይሆን አፍሼ ሰጠሁት። ሁለት ጎልማሶች ቆመን ቆረጠምን።

ኢዮሲ ተረጋግቶ ሲቀመጥ፣ «አሁን ጫማውን እናመጣለን» አልኩት። «እሺ» አለ። ጫማው የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን የሳሙና ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነበር። ሁለት እጁ ላይ አስቀምጦ፣ ውሃውን እያንጠባጠበ አራት ፎቅ ወጣ። ጋሽ ታምራት እግር ሥር አኖረው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ታጥቧል» አለ።

«ጫማውን ስላመጣህ፣ ይቅርታም ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ» አልኩት። ጭራው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እጅግ የሚያምር ጭራ ነበር፤ ከቆሎው ጋር ዋጥኩት። የኢዮሲ ፊት በራ። አልጠፋም።

በማግሥቱ ጋሽ ታምራት አንዱ እግሩ እርጥብ እንደሆነ ፒካፑ ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «የደብረ ብርሃን ክረምት ለልጅ አይሆንም» አለ። «እዚሁ ይቆይ።» ሰብለ ሽቅብ ሮጠች። ስደርስ ሻንጣው ተከፍቶ ሹራቦቹ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ቢጫዋን ኢዮሲ ለብሷታል። ዳይሬክተሯም ሐምሌ ላይ መዘገበችው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁሉንም ለሲስተር ተረክሁላቸው፤ በእኔ ትረካ ጫማው ሳፋው ውስጥ ሳይገባ በፊት ሁለት ርግብ መትቷል። ጨርሰው ሰሙኝና፣ «ስልኩን የዘጋሁብህ ለምን ይመስልሃል?» አሉ።

«ራሴን እንድችል ነዋ! መቼም ትልቅ ጥበብ ነው።»

«ምን ጥበብ አለው? ከረዳት ጋር እየተጣላሁ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። «የኢዮሲ አባት፣ ጭራው እንዴት ነው?» ይሉኛል። «አሁንም ይበቅላል ሲስተር» እላለሁ። «ያው ትቆርጠዋለህ» ይላሉ፤ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

ከቀብር ተመልሰን ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ገባን። ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ይመታል፤ ብርዱ ሐሳብ ያደርቃል። ዙሪያዬን ሳይ ለካ የካ ክፍለ ከተማ ሙሉ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ልጆቻቸውን በጎናቸው ያስቀመጡ አባቶችና እናቶች ድንኳኑን ሞልተውታል። ከፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ በቀኝ ጆሮው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ያነሣል፤ መልሶ ያሳርፋል። ሰብለ ከሴቶቹ ጋር ናት። ኢዮሲ በግራዬ ተቀምጧል።

ለቅሶ ቤት ሰው ማጫወት የእኔ ሥራ ነው። በቀኜ ለተቀመጠው ሰው ስለ መጀመሪያው ቀን ልነግረው ጀመርኩ። «ከመሬት ተነሥቼ ለባዶ ክፍል እጅ ስነሣ...» አልኩ። ሰውዬው መሳቅ ጀመረ። «ልጄ ምን ቢል ጥሩ ነው...» አልኩና ድምፄ ተሰበረ። ልቀጥል ሞከርኩ፤ አፌ ብቻ ተንቀሳቀሰ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ጃኬቴ ላይ እንባዬ ሲወርድ አያለሁ።

ኢዮሲ «ምን ሆንክ?» አላለኝም። «አታልቅስ» አላለኝም። የሚዞረው የቆሎ ሳህን እኛ ጋ ሲደርስ አንድ እፍኝ ዘገነ። ከግራዬ ተነሣ፤ በጉልበቴ በኩል አልፎ ከቀኜ ገብቶ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካው። ጭንቅላቱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

ቀጭ።

«አቤት!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ አየኝ።